የሞርጋን አፎት

የንጉሥ አርተርን አፈ ታሪክ ያነበበ ሁሉ ኤክስካሊበር የተባለውን ሰይፍ ያስታውሳል፤ አፎቱን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1485 በታተመው በቶማስ ማሎሪ ድርሰት ውስጥ ጠቢቡ መርሊን አፎቱ ከሰይፉ አሥር እጅ እንደሚበልጥ ለንጉሡ ይነግረዋል፤ አፎቱን የታጠቀ ሰው ቢቆስል እንኳ ደሙ አይፈስምና። ይህን አፎት ሰርቃ ሐይቅ ውስጥ የምትጥለው የእናቱ ልጅ ሞርጋን ናት። የዘመናችን ምናባዊ ልብ ወለድ ይህችን ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደ ተረጐማት ለማየት ይህንኑ አንድ ድርጊት መርጫለሁ። (በአማርኛ «ጠንቋይ» ልላት ቃጥቶኝ ነበር፤ ቃሉ ግን ታሪኳ ሳይነበብ ይፈርድባታልና «አስማተኛ» ማለቱን መረጥሁ።)

በማሎሪ ዘንድ ድርጊቱ ክፋት ነው። ተራኪው አስማቱን ገዳም ውስጥ እንደ ተማረች ይጠቅሳል፤ ወደ ልቧ ግን አያስገባንም። ሆኖም በመጨረሻ የቆሰለውን አርተርን በጀልባ ከሚወስዱት ንግሥታት አንዷ እርሷው ናት። ማሎሪ ይህን ተቃርኖ ሳያብራራ ያልፈዋል። ነገሩ የሚፈታው ወደ ኋላ ስንሄድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1150 ገደማ ጄፍሪ ዘሞንመዝ በላቲን በጻፈው ግጥም ሞርጋን የዘጠኝ እኅትማማቾች የበላይ፣ አርተርን የምታክም ባለመድኃኒት ነበረች። ክፋቷ የኋላ ጭማሪ ነው።

አሜሪካዊቷ ማሪየን ዚመር ብራድሊ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው «የአቫሎን ጉም» በተሰኘው ልብ ወለድ ሞርጋን (በእርሷ አጠራር ሞርጌን) በከፊል በአንደኛ መደብ ትተርካለች። ከዚህ ይልቅ እኔን የማረከኝ ግን ትንሽ የምትመስል ለውጥ ናት፦ አፎቱን በገዛ እጇ የጠለፈችው፣ ድግምቱንም በየስፌቱ ያኖረችው ራሷ ሞርጌን ናት። አርተር ለአቫሎን የገባውን ቃል ሲያፈርስ አፎቱን ወስዳ ሐይቅ ውስጥ ትጥለዋለች። ድርጊቱ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። የማሎሪ ሌባ እዚህ የገዛ ድካሟን የምታስመልስ ሴት ሆናለች።

ብዙዎች ይህን የሴቶችን ድምፅ ያስመለሰ ሥራ አድርገው ያወድሱታል። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በዚያው መጽሐፍ ንግሥቲቱ ግዌንህዊፋርም ትጠልፋለች፤ እርሷ የምትጠልፈው መስቀልና የድንግል ማርያም ምስል ያለበትን ሰንደቅ ነው። ሁለቱም ሴቶች እምነታቸውን በመርፌ ያኖራሉ። ነገር ግን ደራሲዋ የአንደኛዋን ጥልፍ ጥበብ፣ የሌላዋን ጠባብነት ታደርገዋለች። የግዌንህዊፋርን ፍርሃት በዝርዝር ታሳየናለች፤ ከፍርሃት ያለፈ ሐሳብ ግን አልሰጠቻትም። ለሞርጌን የተከፈለው ካሳ በከፊል ከእርሷ የተወሰደ ይመስለኛል።

ብራድሊ ይህን ሳትረዳው አልቀረችም። በመጽሐፉ መደምደሚያ ሞርጌን ወደ ግላስተንበሪ ሄዳ በመነኮሳይያቱ ጸሎት ቤት የብሪጂድን ሐውልት ስታይ፣ የምታመልካት አምላክ በዚያም እንዳለች ትረዳለች። ያ ዕርቅ ግን የሚመጣው ግዌንህዊፋር ከታሪኩ ከወጣች በኋላ ነው።