የሟች ሸሪክ ድርሻ በምን ይለካል?

በቦሌ ሚካኤል ሰፈር ሁለት ሰዎች ሱቅ ወይም ዳቦ ቤት በሽርክና ሲከፍቱ የተፈራረሟቸውን ጥቂት ውሎች ለማንበብ ዕድል አግኝቼ ነበር። ሁሉም ከአንድ ምንጭ የተገለበጡ ይመስላሉ። መዋጮውንና የትርፉን አከፋፈል በጥንቃቄ ይዘረዝራሉ፤ ስለ ሞት ግን ያላቸው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ከሸሪኮቹ አንዱ ቢሞት ድርሻው በሒሳብ መዝገብ መሠረት ታስቦ ለወራሾቹ ይከፈላል የሚል ነው። የምነቅፈው ይህንኑ ዐረፍተ ነገር ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ሽርክናን በሰው ማንነት ላይ የቆመ ማኅበር አድርጎ ስለተመለከተው፥ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የአንዱ ሸሪክ ሞት ማኅበሩን ያፈርሰው ነበር። ይህ ሕግ በ2013 ዓ.ም. በዓዋጅ ቍጥር 1243 ተተክቷል። ነገር ግን በፊትም ሆነ ዛሬ ሸሪኮቹ አስቀድመው በግልጽ ቢዋዋሉ ብዙውን ክርክር ከሥሩ ማስቀረት ይቻላል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በሕግ አውጪው ላይ መጫን አይገባም።

የመዝገብ ዋጋ ማለት ዕቃው በተገዛበት ዋጋ ተጽፎ፥ በየዓመቱ የእርጅና ተቀናሽ ሲነሣለት የሚቀረው ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር ለግብር ይጠቅማል እንጂ ዕቃው ዛሬ ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ አይናገርም። ለምሳሌ አንድ ከውጭ የመጣ የዳቦ ምድጃ በ600,000 ብር ተገዝቶ በየዓመቱ አንድ አምስተኛው ቢቀነስ፥ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ በመዝገቡ ላይ ዋጋ የለውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነ በኋላ፥ ቀድሞ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። እንግዲህ ያው አሮጌ ምድጃ ከተገዛበት ዋጋ በላይ ሊሸጥ ይችላል፤ መዝገቡ ግን ባዶ ነው ይላል።

ከቤታችን አጠገብ ባለ አንድ ዳቦ ቤት የሆነው ይኸው ነበር። ከሸሪኮቹ አንዱ ካረፉ በኋላ፥ አርባቸው እንደ ወጣ፥ በሕይወት ያሉት ሸሪክ መዝገቡን ይዘው መጥተው ለባለቤታቸው ጥቂት ገንዘብ አቀረቡ። ሰውዬው ሌባ አልነበሩም፤ ውሉ ያለውን ነው ያደረጉት። እትዬ ግን እናቴን «ምድጃው አርጅቶ አልቋል ይሉኛል፤ ታዲያ ጧት ጧት ዳቦ የምገዛው ከየት ነው?» ብለው ጠየቋት። እናቴም መልስ አልነበራትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ላንሣ። ሚስት ባሏን በሕግ ትወርሳለች ይባላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን ሟች ኑዛዜ ካልተወ የመጀመሪያዎቹ ወራሾች ልጆች ናቸው፤ ሚስት ግማሹን የምታገኘው የጋራ ንብረት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ድርሻው ዝቅ ተደርጎ ሲገመት የሚጐዱት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ በራሷ ሀብት እናት፥ በውርሳቸው ልጆች።

ከምድጃው ይልቅ የሚከብደው ደግሞ በመዝገብ ከቶ ያልተጻፈው ነው። የ1952ቱ ሕግ የንግድ መደብር ዋናው ነገር መልካም ዝና መሆኑን ተናግሮ ነበር፤ ማለት ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ነው። የመርካቶ ነጋዴ ቁልፍ ሲሸጥ የሚሸጠው ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዎች ለዓመታት ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እየተነሡ ያፈሩት ደንበኛ በአንዱ ሞት ለሌላው በነጻ ሊተላለፍ አይገባም።

የእንግሊዝ ዳኞችም በዚህ ነገር ተቸግረዋል። በ1922 እ.ኤ.አ. የጌቶች ምክር ቤት በአንድ ሟች ሸሪክ ጉዳይ ሲፈርድ፥ የቀድሞዎቹ ሒሳቦች በመዝገብ ዋጋ የተሠሩ ቢሆኑም፥ ከዚያ በፊት የሞተም የወጣም ሸሪክ ስላልነበረና ውሉም ስለ አገማመቱ ዝም ስላለ፥ ንብረቱ በእውነተኛ ዋጋው እንዲታሰብ ወሰነ። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን የይግባኝ ፍርድ ቤት በአንድ የእርሻ ሽርክና ላይ፥ እውነተኛው ዋጋ ሁልጊዜ ይቀድማል የሚል ግምት የለም፤ የሚታየው ውሉና የሸሪኮቹ ልማድ ነው ብሎ የመዝገቡን ዋጋ አጸና። የእኛ ሰፈር ውሎች ዝም አላሉም፤ የመዝገቡን ዋጋ በስሙ ጠርተው ፈርመውበታል። ስለዚህ የ1922ቱ ፍርድ እትዬን የሚረዳቸው አይመስለኝም።

በሕይወት ላለው ሸሪክም መናገር ይገባል። የገበያውን ዋጋ በአንድ ቀን ክፈል ቢባል ምድጃውን ሸጦ ቤቱን ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ይበተናል። ከመልካም ዝናውም ከፊሉ ከሟቹ ጋር የሚቀበር ነው፤ በእርሳቸው ጨዋታ ይመጣ የነበረ ደንበኛ ይቀራል። ይህ ግን ዋጋውን ለመቀነስ ሳይሆን ጊዜ ለመስጠት ምክንያት ነው። ውሉ ድርሻው በሞት ቀን በነበረው የገበያ ዋጋ፥ መልካም ዝናው ታክሎ፥ ሁለቱም ወገኖች በሚስማሙበት የውጭ ገማች ይገመት፤ ገንዘቡም በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈል ቢል፥ የሚጨምረው አራት መስመር ብቻ ነው። ሲዋዋሉ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ሁለቱም ስለማያውቁ፥ እነዚህን መስመሮች ያለ አድልዎ ሊጽፏቸው የሚችሉት በዚያን ቀን ነው።