አንድ ቍጥር ዳኛ ሊሆን ይችላልን?

ሥር የሰደደ የጨጓራ ነቀርሳ የያዘው ሰው ጊዜው አጭር ነው። ስለዚህ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚያነቃቃ መድኃኒት ሲታዘዝለት፣ ይሠራለት እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነው። ለዚህ ከሚያገለግሉት መለኪያዎች ዋነኛው ፒዲ-ኤል 1 የተባለው ፕሮቲን ነው፤ እኛም በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ መለኪያ እንመረምራለን።

ፒዲ-ኤል 1 ነቀርሳው ተከላካዮቹን የደም ሕዋሳት የሚያስቆምበት ምልክት ነው። ከዕጢው ተቈርሶ የተወሰደው ሥጋ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቀለም የያዙት የነቀርሳ ሕዋሳት፣ ሊምፎሳይቶችና ማክሮፋጆች ተደምረው፣ በሕያዋኑ የነቀርሳ ሕዋሳት ቍጥር ተካፍለው በ100 ይባዛሉ። የመጀመሪያው ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። ጠላትና ተከላካይ በአንድ ድምር ስለ ተቈጠሩ፣ ሁለት ሕሙማን እኩል 5 ነጥብ ቢያገኙም የአንዱ ከነቀርሳው፣ የሌላው ከተከላካዮቹ የመጣ ሊሆን ይችላል። ዕጢውም በየቦታው አንድ ዓይነት ስላልሆነ ትንሿ ቍራጭ ስለ ሁሉ ልትመሰክር አትችልም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ውጤቱ ነው። ኪኖት 059 በተባለው ጥናት ፔምብሮሊዙማብ ከወሰዱት 259 ሕሙማን መካከል ዕጢያቸው በመስፈርቱ መሠረት የቀነሰላቸው 11.6 በመቶ ነበሩ፤ ነጥባቸው 1ና ከዚያ በላይ ከሆነው 15.5፣ ከዚያ በታች ከሆነው 6.4 በመቶ። ልዩነት መኖሩን አንክድም፤ ሆኖም ምልክቱ ካላቸው የሚበዙት ይህን ውጤት አላገኙም፣ ከሌላቸውም ያገኙ አሉ። የአሜሪካ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2017 እ.ኤ.አ. በዚሁ ነጥብ 1 ፈቃድ ሰጠ፤ በ2021 ግን ኩባንያው ፈቃዱን እንደሚተው አስታወቀ። በዚያው ዓመት ኒቮሉማብን ከኬሞቴራፒ ጋራ ለመስጠት አሜሪካ ነጥብ ሳትጠይቅ፣ አውሮፓ ግን 5 ነጥብ ጠይቃ ፈቀዱ። አንድ ጥናት ተነቦ ሁለት ድንበር ተተከለ!

በ2018 በደቡብ ኮሪያ በ61 ሕሙማን ላይ የተደረገው ጥናት ሌላ መንገድ ያሳያል። ነቀርሳቸው ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የተገኘበት 6ቱም ሕሙማን፣ የዲኤንኤ ስሕተት የማረም ችሎታው ከጐደለባቸው 7 ደግሞ 6ቱ ዕጢያቸው ቀነሰላቸው። ይህ የነቀርሳውን ባሕርይ መጠየቅ እንደሚበጅ ያመለክታል፤ ነገር ግን ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ አብዛኛውም ሕመምተኛ ከነዚህ ወገኖች ውጭ ነው።

በእኛ አስተያየት ቍጥሩ ይጣል አይባልም፤ ከሌሎች ምልክቶች ጋራ ተደምሮ ምስክር ይሁን እንጂ ብቻውን ዳኛ አይሁን። ከድንበሩ ማዶና ማዶ የቆሙት ቍጥሮች ሳይሆኑ ሰዎች ናቸውና።