የወታደር ሞት በጦርነት ግጥም፦ በዊልፍሬድ ኦወን አንድ ግጥም ላይ የቀረበ አስተያየት

የጦርነትን ግጥም የምንመዝነው ብዙ ጊዜ ባሳየን ደምና ቁስል መጠን ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ከዚህ ይለያል። የሞቱን አሰቃቂነት የሚወስነው የቁስሉ ብዛት ሳይሆን፣ ሞቱን ማን እንዳየው፣ ከየት ሆኖ እንዳየውና ለማን እንደሚናገር ነው። ማሳያችን እንግሊዛዊው ኦወን እ.ኤ.አ. በ1917 የጻፈው፣ ከሞቱ በኋላ በ1920 በመድበል የታተመው «ዱልቼ ኤት ዴኮሩም ኤስት» ነው። ርእሱ ሮማዊው ሆራስ ለአገር መሞትን ካሞገሰበት ግጥም የተወሰደ ነው።

በሩፐርት ብሩክ «ወታደሩ» (1914) ውስጥ ሟች አለ፤ አሟሟት ግን የለም። ሥጋው ሳይቆስል አፈር፣ አፈሩም አገር ይሆናል። ኦወን በአንጻሩ ከደከመ ሰውነት ይነሳል። ወታደሮቹ ጎብጠው፣ እያነከሱ ይጓዛሉ፤ የመርዝ ጋዝ ሲደርስ አንዱ ጭንብሉን ሳያጠልቅ ይቀራል። ተናጋሪው ይህን የሚያየው በራሱ ጭንብል መስተዋት ነው። ሰውየው በየብስ ላይ እንደ ሰጠመ ሆኖ ይታየዋል። እሱን ያዳነው መስተዋት ከጓዱ ይለየዋል፤ ያያል፣ አይደርስለትም። ቀጥሎ ባሉት ሁለት ስንኞች ሞቱ በሕልሙ ይመላለሳል። እዚህም ገጣሚው በአዲስ ቃል ቤት እንደ መምታት፣ መስጠምን የሚገልጸውን ያንኑ ቃል ይደግመዋል። ቅርጹም እንደ ሕልሙ ካለበት አይንቀሳቀስም።

ዬትስ በ1936 ባዘጋጀው የግጥም መድበል ኦወንን ያላካተተው፣ ዝም ብሎ የሚቀበሉት ሥቃይ ለግጥም አይበቃም በሚል ነበር። ይህ ፍርድ የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ስንኞች የዘነጋ ይመስላል። በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር የተዋቀሩት እነዚህ ስንኞች ፊታቸውን ወደ «አንተ» ያዞራሉ፤ ብታይ፣ ብትሰማ ኖሮ ለልጆች ያንን የቆየ ውሸት አትነግርም ነበር ይላሉ። ተመልካቹ እዚህ ላይ ከሳሽ ሆኗል።

ይህ ንባብ ለራሳችን ቃል ግጥምም ይጠቅማል። በፉከራ የሚናገረው ገዳዩ ነው፤ የወደቀው ሰው ግዳይ ሆኖ ይቆጠራል። በሙሾ የምትናገረው አልቃሽ አብዛኛውን ጊዜ ከጦር ሜዳው ርቃ ያለች ናት፤ ስለዚህም የቀረውን ፈረስ፣ ጠመንጃና ቤት ታነሳለች። አጠገቡ ቆሞ ያየው ጓድ ግን በሁለቱ መካከል ነው። የጦርነት ግጥም ስናጠና «ጀግንነትን ያወድሳል ወይስ ይነቅፋል?» ከማለታችን በፊት፣ ይህ ጓድ የመናገር ዕድል አግኝቶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።