የራስላስ ሸለቆና የመድረክ መንደራችን

እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን፣ ኢትዮጵያን ሳያይ፣ እ.ኤ.አ. በ1759 ባሳተመው «ራስላስ» ውስጥ በአማራ ምድር አንድ የደስታ ሸለቆ ፈጠረ። ሸለቆው በተራሮች የታጠረ፣ በብረት መዝጊያ የተዘጋ፣ ልዑላን በምቾት የሚኖሩበት ነው። በእውነተኛው ታሪክ ግን የነገሥታት ልጆች ይጠበቁ የነበረው በአምባሰል፣ በግሸን አምባ ብርዳማ አናት ላይ ነው።

ደራሲው ምቾት ብቻውን ደስታ እንደማይሆን ለማሳየት ሸለቆውን ፈጠረ፤ ዓላማውም ተሳክቶለታል። ምድሪቱ ነዋሪዎቿን ትመግባለች፤ ዝሆን እንኳ በጥላዋ ያርፋል። ሞፈር የጨበጠው ገበሬ ግን ጎልቶ አይታይም።

ለመድረክም ሆነ ለፊልም መንደር የሚፈጥሩ ሠዓሊዎቻችን ይህን ጉድለት ሊደግሙት አይገባም። ከግሸን በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በመካነ ሰላም ደጋ ላይ ምናባዊ መንደር የሚቆረቁር ሠዓሊ አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ውኃው ከየት ይቀዳል? አውድማው ነፋስ ያገኛል? ከገብሱ ማሳ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውን መንገድ ማን፣ ስለምን አወጣው?

የመንደሩ ታሪክ ከነዚህ መልሶች ይወለዳል። ጎጆውና ቅጥሩ ከዚያ በኋላ ይሳል። የሚሠራው ሰው የተረሳበት መንደር፣ ቀለሙ ምንም ቢያምር፣ ባዶ ሸራ ነው።