አንዲት እመቤት፣ ሁለት አሳሳል፦ በሮም ልጆችን ሥዕል ማነጻጸር ስለ ማስተማር

ከናቮና አደባባይ አጠገብ ባለው የሳንት አጎስቲኖ ቤተ ክርስቲያን፣ በስተግራ በኩል ባለችው የመጀመሪያ ጸሎት ቤት፣ ካራቫጆ ከ1604 እስከ 1606 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የሣላት እመቤታችን አለች። በባዶ እግሯ በር ላይ ቆማለች። የግድግዳው ልስን ተልጦ ጡቡ ይታያል። ከፊቷ የተንበረከኩት ሁለት ተሳላሚዎች ድሆች ናቸው፤ የወንዱ ውስጥ እግር በመንገድ እድፍ እንደ ጠቆረ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ የአሮጊቷ ሻሽ አርጅቷል። እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ባዚሊካ፣ «ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒ» የምትባለው ጥንታዊት ሥዕል ከ1613 ጀምሮ በጳውሎሳዊው ጸሎት ቤት መንበር ላይ ተቀምጣለች። በዚህኛው በር የለም፤ መንገድም የለም። ከእመቤታችን ኋላ ያለው ወርቅ ነው። እጆቿ ተላልፈዋል፤ መሐረብ ይዛለች። ልጇ መጽሐፍ ይዞ ይባርካል።

ሁለቱም ሥዕሎች እናትና ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም ሰው ለጸሎት የሚቆምባቸው ናቸው፤ ሁለቱንም ለማየት ክፍያ የለም። የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጅ እውናዊ አሳሳልንና በተለምዶ «ፕሪሚቲቭ» እየተባለ የሚጠራውን አሳሳል አነጻጽሮ እንዲያይ ለማስተማር ከእነዚህ የተሻለ ጥንድ አላውቅም። ችግሩ ያለው በማነጻጸሩ ስልት ላይ ነው። ልጅ ሁለት ሥዕል ፊት ሲቆም «የትኛው ይበልጣል?» ይላል፤ አብዛኛው ትምህርት ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ያጸናበታል። የእኔ ሙግት ጥያቄው ራሱ ይለወጥ የሚል ነው፦ ይህ ሥዕል ምን እንዲሠራ ተሣለ? ሠዓሊው ለዚያ ሲል ምን አስገባ፣ ምንስ ተወ? በሮም ለሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ይህ ጥያቄ የሥዕል ክፍለ ጊዜ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ።

«የትኛው ይበልጣል» የሚለው ጥያቄ የቆየ አባት አለው። ጆርጆ ቫሳሪ በ1550 ባሳተመው የሠዓልያን የሕይወት ታሪክ የጣሊያንን ሥነ ጥበብ በሦስት ዘመን ከፍሎ፣ ከቺማቡዌና ከጆቶ ተነሥቶ በማይክል አንጀሎ ጫፍ የሚደርስ መሰላል አድርጎ ተረከው። ለልጆች የሚዘጋጁ መጻሕፍት ዛሬም ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ፦ ጠፍጣፋው ፊት በመጀመሪያ፣ ጥላና ብርሃን ያለው አካል በኋላ። ልጁ ማንም ሳይነግረው የኋለኛው የተሻለ ነው ብሎ ይደመድማል። አስተሳሰቡ ወደ ኢትዮጵያ ሥዕል ሲደርስ ደግሞ ጭራሽ ይጣረሳል። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ውስጥ የተሣለ ሥዕል ከካራቫጆ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በመሰላሉ ላይ ግን ታች እንዲቀመጥ ይፈረድበታል። ሠዓሊው የኖረበት ዘመን ራሱ ይካዳል ማለት ነው።

የልጆችን ሥዕል ቀድመው በመጽሐፍ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ጣሊያናዊው ኮራዶ ሪቺ ነው። ቦሎኛ ውስጥ ዝናብ አስጠልሎት ግድግዳ ላይ ልጆች የጫሩትን በማየት የጀመረው ጥናት በ1887 «የልጆች ጥበብ» በሚል ርእስ ታተመ። ሰውየው ከ1906 ጀምሮ ሮም ላይ የመላ አገሪቱ የጥንታዊ ቅርሶችና የሥነ ጥበባት ዋና ዳይሬክተር ሆኗል። ሪቺ እንዳስተዋለው ልጅ የሚሥለው የሚያውቀውን ነው፤ ዓይኑ ፊት ያለው መልክ ያን ያህል አይገደውም። ፈረሰኛ ሲሥል ሁለቱንም እግሮች በአንድ ጎን ያሳያል፤ ሰው ሁለት እግር እንዳለው ያውቃላ! ሪቺ ግን ይህ ነገሮችን መዘርዘር እንጂ ጥበብ አይደለም ባይ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1927፣ ፈረንሳዊው ዦርዥ ኦንሪ ሉኬ ጉዳዩን በሌላ ዓይን አየው። የልጁንም አሳሳል እውናዊነት አለው፤ የአእምሮ እውናዊነት። ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ የዓይን እውናዊነት ብሎ ለየው።

እኔ ከሪቺ ይልቅ ሉኬን የማምነው ለመምህር የሚጠቅም ነገር ስለ ሰጠን ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሁለቱንም አሳሳል በገዛ እጁ ያውቃቸዋል። አንዱን ገና አልረሳውም፣ ሌላውን ገና አልደረሰበትም። ልጆች «እኔ ሥዕል አልችልም» ማለት የሚጀምሩትም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው፤ ላጲሱ ከእርሳሱ ቀድሞ ያልቃል። የማነጻጸር ትምህርት በዚህ ሰዓት መሰላሉን ይዞ ከመጣ ተስፋ መቁረጡን ያጸድቅለታል፤ ትናንት የሣለው ሁሉ ስሕተት ነበር ማለት ነውና። ሁለት ዐይነት ዕውቀት አድርጎ ካቀረበለት ግን እርሳሱን መልሶ ያነሣል።

እዚህ ላይ ሮም የራሷ መምህርት አላት። ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን የልጆች ቤት የከፈተችው በሳን ሎሬንሶ የሠራተኞች ሰፈር፣ ጥር 6 ቀን 1907 ነው። «ነጻ ሥዕል» እየተባለ የሚወደሰውን የልጆች ጭረት ሞንቴሶሪ አትወደውም ነበር፤ በዚህ አልስማማትም። ያወረሰችን ትልቅ ነገር ግን ዓይንን በጥንድ ማሠልጠን ነው። በቀለም ገበታዎቿ ልጁ መጀመሪያ ተመሳሳዮቹን ያጣምራል፤ ቀጥሎ የአንድን ቀለም ድምቀትና ፍዘት በተርታ ይደረድራል። መምህሯ አትፈርድም፤ ልጁ ራሱ ልዩነቱ ያለበትን ቦታ ያገኛል። ለሥዕል ንጽጽር የሚያስፈልገውም ይኸው ሥርዓት ነው፦ አስቀድሞ አንድ የሚያደርጋቸውን ማግኘት፣ ከዚያ የሚለያቸውን። በዚያው በ1907 ፒካሶ ፓሪስ ላይ የአፍሪካን ጭምብልና የጥንት ኢቤሪያን ቅርጽ አይቶ «የአቪኞን ወይዛዝርት»ን ሥሏል።

ይህን ያነሣሁት «ፕሪሚቲቭ» በሚለው ስም ሥር ሦስት የማይገናኙ ነገሮች አብረው ስለሚማሩ ነው። አንደኛው እንደ ጎጋንና ፒካሶ ያሉ፣ የአውሮፓን አሳሳል ጠንቅቀው አውቀው ሆን ብለው የተዉ ሠዓልያን ሥራ ነው። ፕሪሚቲቪዝም የሚባለው በትክክል ይህ ነው። ሁለተኛው የጣሊያን የራሷ አባቶች ሥራ ነው። በ1932 የተከፈተው የቫቲካን የሥዕል ቤት የመጀመሪያ ክፍሉን ለእነዚህ «ፕሪሚቲቪ» ሰጥቷል፤ ኒኮሎና ጆቫኒ የተባሉ ሠዓልያን በክብ ሰሌዳ ላይ የሣሉት የፍርድ ቀን እዚያ አለ። ጎብኚው ከዚያ ተነሥቶ በሩፋኤል በኩል አልፎ በዐሥራ ሁለተኛው ክፍል የካራቫጆን የክርስቶስን ከመስቀል መውረድ ያገኛል። ሦስተኛው በጉልበት የተለጠፈው ነው፦ አውሮፓ የገዛቻቸውን ወይም ልትገዛ የተመኘቻቸውን ሕዝቦች ጥበብ የሰው ልጅ ሕጻንነት አድርጎ መመደብ። በ1931 በሮም ፓላሶ ዴሌ ኤስፖዚሲዮኒ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቅኝ ግዛት ጥበብ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። የቀድሞው የቅኝ ግዛት ሙዚየም ንብረት ደግሞ ዛሬ በኤውር ሰፈር በሥልጣኔዎች ሙዚየም እጅ ነው። መምህር እነዚህን ሦስቱን ሳይለይ «ፕሪሚቲቭ ሥዕል እንዲህ ነው» ካለ፣ ልጁ ያልተነገረውን ትምህርት ይዞ ይወጣል።

በጣሊያን መሰላሉን አጥብቀው ከተቹት ምሁራን ሊዮኔሎ ቬንቱሪን አስቀድማለሁ። በ1926 ባሳተመው «የፕሪሚቲቮች ጣዕም» የጥንቶቹን ሠዓልያን ዋጋ ተፈጥሮን በመምሰል ችሎታቸው መለካት ስሕተት መሆኑን፣ ሥራቸው ከውስጥ ከሚበራላቸው እምነት እንደሚመነጭ ተከራከረ። ያ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን በተከፈተበት በ1931 ለፋሺስቱ መንግሥት አልምልም ብሎ የቶሪኖ መምህርነቱን አጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ በሮም ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። ቬንቱሪም ቢሆን ክርክሩን የሠራው በአውሮፓ ሥዕል ላይ ነው። ክርክሩን ወደ እኛ ማድረስ የእኛ ሥራ ነው።

ማድረሻው መንገድ ደግሞ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ በኩል ያልፋል። በ1569 የኢየሱሳውያን አለቃ ፍራንቸስኮ ቦርጃ ከጳጳስ ፒዮስ አምስተኛ ፈቃድ አግኝቶ ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒን አስገለበጠ፤ ግልባጩም በየሚሲዮኑ ተላከ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ገደማ ኢትዮጵያ ደረሰ። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። ዛሬ «ምስለ ፍቁር ወልዳ» ብለን የምንጠራት፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየቤቱ ግድግዳ ያለችው እመቤታችን በብዙ መልኳ የዚያች የሮም ሥዕል ልጅ ናት። የተላለፉት እጆች፣ መሐረቡ፣ የልጁ መጽሐፍና ቡራኬ አሉ። የእኛ ሠዓልያን ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው በግራና በቀኝ አቆሙላት፣ ዓይኖቿን አሰፉ፣ የልብሷን እጥፋት ወደ ጥርት ያለ መሥመር መለሱት።

ይህን ለውጥ «መገልበጥ አቅቷቸው» ብሎ የሚያነብ አለ። ታሪኩ ግን አይደግፈውም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) ሠዓሊው ፍሬ ጽዮን የውጭ አርአያ ያላቸውን ሥዕሎች በራሱ እጅ አዋሕዶ ሥሏል። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ የመጣው፣ እኛ መርቆሬዎስ የምንለው የቬኒሱ ኒኮሎ ብራንካሌዮን ለዐሥርተ ዓመታት በኢትዮጵያ ሥሎ እዚያው ቀርቷል። በሁለተኛው የጎንደር አሳሳል ዘመን ሠዓልያኑ ፊትንና ልብስን በጥላና በብርሃን ሲያለሰልሱ እናያለን፤ በፈለጉበት ቦታና በፈለጉት መጠን። አውሮፓዊው አሳሳል ደጃቸው መጥቷል፤ ለሥዕለ አድኅኖ የሚሆነውን ወስደው የማይሆነውን ትተዋል። ሰው ፊቱን አቅንቶ የሚጸልይበት ሥዕል፣ ፊቱን አቅንቶ መልሶ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል።

በክፍል ውስጥ ይህ እንዴት ይሠራል? ጣሊያናውያንና ሐበሾች በተቀላቀሉበት ክፍል በኢትዮጵያዊቷ ሥዕል መጀመርን እመርጣለሁ፤ ከካራቫጆ በፊት፣ መሰላሉ ገና ሳይቆም። ቤታቸው ያለች ልጆች ስለ እርሷ የሚናገሩት ስላላቸው፣ ምናልባትም ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የክፍሉ ዐዋቂዎች እነርሱ ይሆናሉ። ቀጥሎ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ነው። ሥዕሏ ከፍ ብላና ርቃ ስላለች መምህሩ በደንብ የታተመ ፎቶ ይያዝ። ልጆቹ ከኢትዮጵያዊቷ ሥዕል ጋር የሚመሳሰለውን ይፈልጉ፤ መሐረቡን የሚያገኘው ልጅ ሁልጊዜም ኩራት ይሰማዋል። ከዚያ «እመቤታችን የቆመችበት ወለል የት ነው? ስንት ሰዓት ነው? ብርሃኑ ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ የለም፤ መልስ አለመኖሩን ልጁ ራሱ ሲደርስበት ወርቁ ለምን እንዳለ ይገባዋል። እነዚያኑ ጥያቄዎች ይዞ ሳንት አጎስቲኖ ሲደርስ ለሁሉም መልስ ያገኛል፦ ወለል አለ፣ ደፍ አለ፣ ብርሃን በአንድ ወገን ይገባል፣ ሰዎቹ በእግራቸው እንደ መጡ እግራቸው ይመሰክራል።

ካራቫጆም ቢሆን የመረጠ ሰው ነው፤ ይህ ለልጆች መነገር አለበት። ያ የቆሸሸ እግር በአጋጣሚ ወደ እኛ አልዞረም። ሥዕሉ በተሰቀለ ጊዜ ሕዝቡ ስለዚያ እግርና ስለዚያ ሻሽ ብዙ እንደ ተንጫጫ በዘመኑ የነበረው ሠዓሊ ጆቫኒ ባልዮኔ ጽፏል። ድሃ ተሳላሚ ራሱን እመቤቱ ደጅ ላይ እንዲያይ መፈለግ የእምነት ውሳኔ ነው፤ ጎንደሬው ሠዓሊ መላእክቱን በሰይፍ እንዳቆመው ያለ ውሳኔ።

ጊዜ ከተረፈ የዐድዋ ሥዕል ይጨመር። በልማዳዊው አሳሳል ቅዱሳንና ወገን በአብዛኛው በሁለት ዓይናቸው፣ ከሓድያንና ጠላት በጎን ፊታቸው በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ከሰልፉ በላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ አለ። ልጆች ይህን ሕግ ሳይነገራቸው ከሥዕሉ ውስጥ ፈልገው እንዲያወጡት ማድረግ ነው። የጣሊያን ልጆች በ1896 ጦርነት የራሳቸው ወታደሮች በአንድ ዓይን ተሥለው ሲያዩ የሚያነሡት ጥያቄ ከባድ ነው፤ መምህሩ አይሽሸው።

ከመሰላሉ የማያንስ ሌላ አደጋም አለ። «ተመልከቱ፣ እንደ እናንተ በነጻነት፣ በንጹሕ ልብ ይሥላሉ» የሚል ደግ የሚመስል መምህር የኢትዮጵያን ሠዓሊ ወደ ሕጻንነት ያወርደዋል። ያ ሠዓሊ ብዙ ጊዜ የቤተ ክህነት ትምህርት የዘለቀ፣ ከመምህሩ ሥር ሆኖ የሥዕሉን ሥርዓት የተማረ፣ የትኛው ቅዱስ በምን እንደሚታወቅ የሚያውቅ ሰው ነው። የልጅ ሥዕልና ምስለ ፍቁር ወልዳ ሁለቱም ከዕውቀት ይነሣሉ፤ የአንዱ ዕውቀት የሰባት ዓመት ነው፣ የሌላው የብዙ ትውልድ።

ለማጠናከሪያ የምመክረው ሥራ ልጆቹ የገዛ እናታቸውን ሁለት ጊዜ እንዲሥሉ ነው። አንዱን ዛሬ ጠዋት በር ላይ እንደ ቆመች፣ ከልብሷና ከብርሃኑ ጋር፤ ሌላውን ሩቅ አገር ያለ ወንድሟ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ እንዲያያት። በሁለተኛው ሥዕል ጓዳው ይጠፋል፣ ፊቷ ወደ ፊት ይዞራል፣ ዓይኗ ይሰፋል ብዬ እጠብቃለሁ። መምህሩ አንዱንም በመምሰሉ ብቻ ማርክ አይስጠው።

በጣሊያን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት «ጥበብና ምስል» የሚባለው ክፍለ ትምህርት ለዚህ ሁሉ ቦታ አለው። የቀረው የሰው ፈቃድ ነው። በሮም የምትኖሩ ወላጆች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም፣ ልጆቻችሁን ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ውሰዷቸው፤ ከቤታችሁ ግድግዳ ያለችውን ሥዕል ፎቶ ያዙላቸው፤ የትምህርት ቤታቸውንም መምህር ጋብዙ። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በባሕር ዳር የምታስተምሩ ደግሞ የካራቫጆን ሥዕል በፎቶ አሳትማችሁ ከደብራችሁ ሥዕል አጠገብ አስቀምጡ፤ ልጆቹንም የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትጠይቋቸው።