ቤት የእግዜር ነው፤ ሰፈሩስ?

ባለፈው ክረምት ለሥልጠና ከሰቆጣ አዲስ አበባ መጥቼ ፒያሳ አንድ ፈርኒሽድ አፓርታማ ውስጥ 12 ሌሊት አደርኩ። ከፋዮቹ የሥልጠናው አዘጋጆች ስለነበሩ ስለ ዋጋው አላወራም። አልጋው ምቹ ነው፣ ሙቅ ውሃው አይቋረጥም፣ ዋይፋዩም ይሠራል። የምተቸው ቤቱ ስለ ሰፈሩ የሚናገረውን ነው። እንዲህ ያለ ቤት እንደ መጽሐፍ ይነበባል፤ ሽፋን አለው፣ መቅድም አለው፣ ሆን ብሎ የዘለለው ገጽም አለው።

መቅድሙ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው የእንግዳ መመሪያ ናት። «ታሪካዊ» የሚለው ቃል በየገጹ አለ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣይቱ ሆቴልና የዓድዋ ድል መታሰቢያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬዱ ትነግርሃለች። ግድግዳው ላይ ትልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተሰቅሏል፤ የእንጨት በረንዳ ያለው አሮጌ የፒያሳ ቤት። ፎቶው ላይ አንድም ሰው የለም። ልብስ የሚያሰጣ፣ ደጅ ላይ ቡና የሚቆላ፣ ደረጃው ላይ ኳስ የያዘ ልጅ፣ ማንም። መጀመሪያ አላስተዋልኩትም ነበር። ካስተዋልኩት በኋላ ግን ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

የተዘለለው ገጽ ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ መንደር ፈርሷል፤ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። መመሪያዋ ይህን በአንድ መስመር እንኳ አታነሳም። ጠዋት ጠዋት ክፍሉን የሚያጸዱትን እናት «እትዬ፣ እዚሁ ሰፈር ነው የሚኖሩት?» አልኳቸው። «ነበርኩ» አሉኝ፤ አንሶላውን እያጠፉ። አሁን ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት። መመሪያዋ የምታወራለትን ሰፈር በልባቸው የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። እንግዳው ግን እሳቸውን የሚያገኛቸው በ«አገልግሎት» ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ከፎጣ ቅያሪ በታች።

እዚህ ጋ የፈረሰውን ሁሉ ማሞገስ ይቀላል። እኔ አላሞግስም። ከፈረሱት ውስጥ ብዙዎቹ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ ሽንት ቤታቸው ለብዙ ቤተሰብ አንድ የሆነ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ። በዚያ ለኖረ ሰው ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድን ሰፈር ታሪካዊ ያደረገው ግድግዳው ነው ወይስ ግድግዳው ውስጥ ሰዎች እርስ በርስ የነበራቸው ዕዳ? እድሩ፣ ዕቁቡ፣ «ልጄን እይልኝ» መባባሉ፣ የተበደሩት በርበሬ። አፓርታማው የሚሸጠው ይህን ሁሉ ቀንሶ የቀረውን ነው። እንግዳው ለማንም ምንም ዕዳ ሳይኖርበት ሰፈሩን «ይኖረዋል»።

እኛ አገር እንግዳ እንዲህ አልነበረም። በዋግ ደጋ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ነው። ይህን መልስ ከአፓርታማው «እንደ ቤትዎ ይቁጠሩት» ጋር አስተያዩት። «እንደ ቤትዎ» ሲባል እንግዳው ለጊዜው ባለቤት ይሆናል፤ ቁልፍ ይቀበላል፣ በር ይዘጋል። «ቤት የእግዜር ነው» ሲባል ግን አስተናጋጁም ጭምር ባለቤትነቱን ይለቃል፤ ሁለቱም እንግዶች ይሆናሉ። እግሩ ታጥቦለት ያደረ መንገደኛ ጠዋት ሲሄድ ገንዘብ አይተውም፤ ዕዳውን ይዞ ይሄዳል። ነገ እሱም ደጅ ላይ ሰው ቢመሽበት ያስገባል።

ገንዘብ ከዚህ ነገር ጋር መታረቅ አስቸግሮት ነበር። ጣይቱ ሆቴል በአፄ ምኒልክ ዘመን ሲከፈት ሰው ለምግብ መክፈልን እንደ ነውር ስላየው ንጉሡ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በልተው፣ ከፍለው እንዳስለመዱ ይተረካል። ታሪኩን ሁላችንም እየሳቅን እናወራዋለን። እኔ ግን ያ ነውር ሞኝነት አይመስለኝም። ሰዎቹ መስተንግዶ ሲሸጥ ዕዳው የት እንደሚገባ ነበር የጠፋባቸው።

ግን ደግሞ ሐቁን እንነጋገር። «ቤት የእግዜር ነው» ያለው አባወራው ነው፤ ውሃ የቀዳችው፣ እግር ያጠበችው፣ ያላሰበችውን እንጀራ በሌሊት የጋገረችው ሚስቱ ናት። የዋግ መስተንግዶ ሒሳቡ በሴቶች ወገብ ተከፍሏል። በዚህ በኩል አፓርታማው ይሻላል፤ እትዬ ትንሽም ብትሆን ደሞዝ አላቸው። ስለዚህ «ወደ ድሮው እንመለስ» የሚል ትችት አይዋጥልኝም። መክፈል ጥሩ ነው። ችግሩ ክፍያው ለማን እንደሚደርስ፣ ታሪኩንስ ማን እንደሚናገረው ነው።

ከሰቆጣ በስተደቡብ ያለችውን ላሊበላን ውሰዱ። 11ዱ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በፈረንጆቹ 1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ከ15 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ በዙሪያቸው ይኖር የነበረው ሕዝብ ቅርሱን ለመጠበቅ ተብሎ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ተደረገ። ክብ የሆኑት ባለ ፎቅ የላስታ የድንጋይ ቤቶች ግን «ቅርስ ናቸው» ተብለው እንዲቆዩ ተደረገ። ቤቱ ቅርስ ሆነ፤ ቤቱን የሠራው፣ ጭስ ያጠነው፣ በየዓመቱ የለሰነው ሰው ግን ቅርስ አልሆነም። ከፒያሳው ፎቶ ጋር ያለው ዝምድና ይታያችኋል አይደል?

ከዚያው ከላሊበላ ብዙ ሳይርቅ ግን ተቃራኒው ተሞክሯል። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በመቄት ደጋ ላይ ተስፋ በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የገበሬው ማኅበረሰብ በገደል አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆዎችን ሠራ። ጎጆዎቹ የመንደሩ ናቸው። ምግብ አብሳዩ፣ ጠባቂው፣ አህያ ነጂው ከመንደሩ ነው፤ ገቢውም ወደ መንደሩ ይገባል። አልጋው ከፒያሳው ጋር አይወዳደርም፤ ሌሊቱም ያንቀጠቅጣል። ቢሆንም እንግዳው ተራራው ላይ ያደረው በሰዎቹ ፈቃድ እንደሆነ ያውቃል። ሴቲቱም የጋገረችበት ይከፈላታል። ጦርነቱና አለመረጋጋቱ እንግዳ አርቋል፤ ሐሳቡ ግን አልተሸነፈም። ክፍያና ዕዳ አብረው መኖር እንደሚችሉ አሳይቷል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ስለ ሰቆጣ ስለምፈራ ነው። ከተማችን በሌላው አፍ ሁለት ስም ብቻ ነው ያላት፤ ረሃብና ጦርነት። የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ነው የሚባለው። ሰላም ሲወርድ ሦስተኛው ስም እንደሚመጣ ይሰማኛል፤ «ታሪካዊቷ ሰቆጣ»። ለዚያ የሚሆን ዕቃ ሞልቷል። ከከተማው ወጣ ብሎ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ የዋግ ሹሞች አጽም ያረፈበት። ዋግሹም ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ኽምጣኛ አለ፣ የድንጋይ ቤት አለ፣ ነጭ ማር አለ። አንድ ባለሀብት መጥቶ ይህን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይችላል፤ ሰው የሌለበት ፎቶ አድርጎ።

ይምጣ፤ እኔ ባለሀብት አልጠላም፣ ሥራ የሚፈልግ ወጣት በየመንገዱ አለ። ግን ስለ ሰቆጣ ለእንግዳ የሚጻፈውን ኽምጣኛ የሚናገሩት ይጻፉት። ስለ ዋግ ሹሞች የውቅሮ ካህናት ይጠየቁ። ምግቡን የምታበስለዋ ከትርፉ ድርሻ ይኑራት። ቤት ለመሥራት ቤት የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ የፈረሰበት ሰው ስሙ ይነገር፤ እንግዳው በማን ቦታ ላይ እንዳደረ ይወቅ። ዕዳውን የማያውቅ እንግዳ አገር አየሁ ቢልም፣ ያየው አልጋውን ነው።