እጅጌ የሌለው የሸማ ቀሚስ ያላሰፋችሁ፣ አሰፉ!

ስሙኝማ፣ የአዲስ አበባን በጋ የሚችል ልብስ ተገኝቷል! እጅጌ የሌለው የሸማ ቀሚስ፣ ከላዩ ነጠላ። በቃ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

የከተማችንን ጠባይ ታውቁታላችሁ። ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርድና ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። 6 ሰዓት ሲሆን ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል! ወፍራም ሹራብ ለብሳ የወጣች ሴት ከዚያ በኋላ ሹራቧን በክንዷ ተሸክማ ትውላለች። ይህ ቀሚስ ግን ለሁለቱም ይሆናል። ብርዱ ለሚበረታባችሁም፣ እጅጌ ስለሌለው ሹራብም ሆነ ኮት ሲደረብበት ብብት ሥር የሚጠቀለል፣ ክንድ ላይ የሚጨማደድ ነገር የለም። ሲሞቅ የላዩን ማውለቅ ነው፤ የሚቀረው ቢሮም ግብዣም የሚያስገባ ሙሉ ልብስ ነው።

ጨርቁማ! የሸማ ድሩ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ሲሆን እንዴት ደስ ይላል! የእጅ ፈትል አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላልና ጨርቁ ገላ ላይ አይለጠፍም፤ ላብ ይመጥጣል፣ ነፋስ ያስገባል። ነጠላው ደግሞ ሁለት ስስ እጥፍ ነው፤ በእጥፎቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው የጠዋቱን ብርድ የሚመክተው። ሲሞቅ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ጎራ ስትሉ መስቀለኛ ታጣፉታላችሁ፤ ክንዳችሁም ተሸፈነ። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነ ለዚህ ይከብዳል፣ ለቤት ተዉት።

እንግዲህ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ። ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ ያረፈበት ሥራ በየሱቁ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ጥለቱ ዓይናችሁን ሳይወስደው በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ ብብቱን እዩ! ለብሳችሁ ክንዳችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ ጡት መያዣችሁ በጎን ከታየ ሰፍቷል፣ ቆዳ ከቆነጠጠ ጠቧል። ትከሻው የጡት መያዣውን ማንገቻ የሚደብቅ ይሁን። ጥበቡ የክንድ መግቢያውን ከዞረው አትግዙ፤ ይደድራል፣ ይፈገፍጋል፣ ሹራብ ሲደረብበትም ይጎረብጣል። ደረት መሐል ወይም ታች ጠርዙ ላይ ሲሆን ነው የሚያምረው። ለእኔ ቀጭን ጥለት ያለው ነጩን የሚያህል የለም፤ አመድማና አረንጓዴም አለላችሁ።

ገበሩን ሳትዳስሱ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ፖሊስተር ከሆነ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል፣ የሸማው ጥቅም ሁሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ ስስ ጥጥ ይሁን። ጨርቁን ገዝታችሁ የምታሰፉ ከሆነ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ውስጥ ንከሩት። የእጅ ፈትል ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ያኔ ልክ የነበረው ብብት ይጠብባል።

ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያላችሁ እኅቶቼ የበለጠ ታደላችሁ! ቀኑን በቀሚሱ ብቻ ትውሉበታላችሁ፤ ነጠላው አመሻሽ ላይ ለሐይቁ ነፋስ ነው። ብቻ ፍጠኑ፣ ለገና ልብስ ሰፊዎቹ በሥራ ሳይጣበቡ ልካችሁን ስጡ።